የጉም ሳጥኑ ሙቀት

ከእናት ግንዱ ተቆርጦ የመጣ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ሥር እስኪያወጣ የሚኖረው በስንቁ ነው። ውሃ የሚስብለት ሥር የለውም። በግንዱ የተከማቸችውን ስኳር እየበላ ቁስሉ ላይ አዲስ ህዋስ ያበዛል፤ ከዚያም ህዋስ ሥር ለማብቀል ይታገላል። ስንቁ ሳያልቅ፣ ቅጠሉ ሳይደርቅና ቁስሉ ሳይበሰብስ ሥሩ ብቅ ካለ ተክል ይሆናል። ከአራቱ የትኛው እንደሚቀድም ከሚወስኑት ነገሮች መካከል፣ በእኔ እምነት፣ የቤት አትክልተኛ በጣም ችላ የሚለው አንዱ ነው፦ የግንዱ ጫፍ ያለበት ቦታ ሙቀት።

በአዲስ አበባ፣ በአያት ሰፈር ኮንዶሚኒየሞች በረንዳ ላይ በቀለም ባልዲና በተቆረጠ ጄሪካን ጽጌረዳ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳም ማየት አዲስ አይደለም። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ከአንድ ጥሩ ተክል ብዙ ለማባዛት የሚፈልግ ሰው የጉም ሳጥን ለመሥራት ቢነሳ አይገርምም። አሠራሩ ቀላል ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ይወሰዳል፤ ክዳኑ ላይ ቀዳዳዎች ይበጃሉ፤ ቅርንጫፎቹ በስፖንጅ ተይዘው ጫፋቸው ወደ ውስጥ ይንጠለጠላል። ከታች ውሃ፣ በውሃው ውስጥ ደግሞ ፎገር የሚባለው ትንሽ ጭጋግ ሰሪ አለ። ሶኬቱ ሲሰካ ሳጥኑ በነጭ ጉም ይሞላል።

ሥርን በአየር ላይ አንጠልጥሎ በጉም ማሳደግ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ፍሪትስ ዌንት የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1957 ቡናና ቲማቲም ሥራቸው በጉም እየረጠበ በአየር ላይ እንዲያድጉ አድርጎ ዘዴውን ኤሮፖኒክስ ብሎታል። ቡና መምረጡ ለእኛ ደስ የሚል ነው። በአገራችንም የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ከበሽታ የጸዳ የድንች ዘር ለማግኘት በዚሁ ዘዴ ሠርተዋል። በጨለማ ሳጥን ውስጥ በተንጠለጠለው ሥር መካከል ትናንሽ ድንቾች ይፈጠራሉ፤ እየተለቀሙም ለዘር ይውላሉ። ድንች ሥሩ ያለበት ቦታ ከሞቀ ቅጠል እያበዛ ፍሬ መያዝ ይተዋል። ስለዚህ የሥር ሙቀት ለድንች ተመራማሪም ከባድ ጉዳይ ነው። ልዩነቱ እንዲህ ያለው ተቋም ብዙውን ጊዜ ጉሙን የሚያወጣው በፓምፕ ግፊትና በቀጭን አፍንጫ መሆኑ ነው። የበረንዳው ሳጥን ግን የሚሠራው በዲስክ ነው፤ ዲስኩም የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል።

ዲስኩ የሳንቲም ያህል ስፋት ያለው ሴራሚክ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚኮማተርና የሚለጠጥ፣ ፒዞ ከሚባለው ዓይነት። በብዙዎቹ ፎገሮች በሰከንድ 1.7 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል። ንዝረቱ ውሃውን ወደ ላይ ገፍቶ ትንሽ ምንጭ ያስነሳል፤ ከምንጩ ጫፍም በጣም ደቃቅ ጠብታዎች ይፈናጠራሉ። አንዷ ጠብታ ወደ 5 ማይክሮን ትደርሳለች፤ ይህም ሚሊሜትር ለሁለት መቶ ሲካፈል ማለት ነው። ጉሙ እጅ ላይ ሲያርፍ ስለሚቀዘቅዝ ብዙ ሰው መሣሪያው ማቀዝቀዣ ይመስለዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ዲስኩ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ጠብታ ለመፍጠር የሚውለው ኢምንት ነው። የቀረው በሙሉ ሙቀት ሆኖ እዚያው ውሃ ውስጥ ይቀራል።

ባለ 24 ዋት ዲስክ 10 ሊትር ውሃ ውስጥ ያለማቋረጥ ይሠራል እንበል። ሙቀቱ የሚያመልጥበት ባይኖር ውሃው በየግማሽ ሰዓቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቅ ነበር። በተግባር ግን ሳጥኑ በጎኖቹ ሙቀት ያፈሳል። ያልተሸፈነ መካከለኛ የፕላስቲክ ሳጥን ከአካባቢው አየር በ1 ዲግሪ በበለጠ ቁጥር በግምት 2 ዋት ያስወጣል። ስለዚህ ውሃው ከአየሩ 12 ዲግሪ ያህል እስኪበልጥ ይሞቅና እዚያ ይረጋል፤ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሆነ ማለት ነው። ይህች 12 ቁጥር ለዚህ ጽሑፍ ቁልፍ ናት። በሚያዝያ ቀትር ጥላ ውስጥ ያለ አየር 25 ዲግሪ ከሆነ ውሃው ወደ 37 ይሄዳል። በ37 ዲግሪ የአብዛኞቹ ቅርንጫፎች ጫፍ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ ይሸታል። በታኅሣሥ ሌሊት አየሩ 9 ዲግሪ ሲሆን ግን ያው ዲስክ ያንኑ ውሃ 21 ዲግሪ ላይ ያቆየዋል። 21 ዲግሪ ደግሞ ብዙ ቅርንጫፍ ሥር ለማውጣት የሚወደው ሙቀት ነው።

እንግዲህ የአያት ችግር የዲስኩ ሙቀት መኖሩ ሳይሆን የሚመጣበት ሰዓት ነው። ሙቀትን ከሳጥኑ ፈጽሞ ስለማባረር የሚሰጠው ምክር የተነገረው በጋው ለሚያቃጥል ቆላ ወይም ቀኑም ሌሊቱም ለሚሞቅ አገር ነው። አያት ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በስተሰሜን የየካንና የእንጦጦን ተራሮች ተደግፎ የተቀመጠ ሰፈር ነው። በአዲስ አበባ በጣም በሚሞቀውና በጣም በሚበርደው ወር አማካይ ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። በአንድ የበጋ ቀን ውስጥ በቀትርና በንጋት መካከል ያለው ልዩነት ግን 14 ወይም 15 ዲግሪ ይደርሳል። እዚህ የሚፈራረቁት በጋና ክረምት ከሚባሉት ይልቅ ቀንና ሌሊት ናቸው። ሳጥን የሚሠራ ሰው ሊያስታርቅ የሚገባውም እነዚህን ሁለቱን ነው።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል፤ ይህን በደንብ ሊያስቡበት ይገባል። በአያት ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በባሕር ወለል፣ ለምሳሌ በጅቡቲ ወደብ፣ 30 ዲግሪ የሞቀ ንጹሕ ውሃ በሊትር 7.5 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። በአያት ይህንኑ ያህል ለመያዝ ውሃው ወደ 15 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። በ20 ዲግሪ 6.7 ገደማ፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 5.6 ገደማ ብቻ ይይዛል። አዲስ ሥር የሚፈጥር ህዋስ በብርቱ ይተነፍሳል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የኦክስጅን ፍላጎቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ፍላጎቱ ወደ ላይ፣ አቅርቦቱ ወደ ታች ይሄዳል። በዚህ ላይ ሥር አበስባሽ ከሆኑት መካከል ፒቲየም የሚባሉት ረቂቅ ሕዋሳት አሉ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ ሞቃት ውሃና የታፈነ ሥር ሲያገኙ ይፈነጫሉ። የጉም ሳጥን አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፦ ሥሩ ውሃ ውስጥ አልተዘፈቀም፤ በስሱ ረጥቦ አየር መሐል ነው ያለው። የአየሩ ኦክስጅን ራሱ ግን እዚህ ሳሳ ያለ ነው። በመጻሕፍት ለቅርንጫፍ የሚመከረው ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ያለው ክልል ለእኛም ይሠራል፤ እኔ ግን አያት ላይ ከ22 በላይ እንዲያልፍ አልመክርም።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ ከዲስኩ በፊት ፀሐይ ይቀድማል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 40 ሴንቲሜትር የሆነ የሳጥን ክዳን ቀትር ላይ ፀሐይ ቢያርፍበት እስከ 240 ዋት ያህል ይቀበላል። ክዳኑ ጥቁር ከሆነ አብዛኛውን ይውጠዋል። ስምንት ዲስክ በአንድ ላይ እንደ መክፈት ነው። ሳጥኑ ብርሃን እንዳያስገባ ጥቁር መሆን አለበት የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ብርሃን ከገባ አልጌ ይበቅላልና። ሆኖም ጥቁሩ ከውስጥ፣ ነጭ ቀለም ወይም አሉሚኒየም ፎይል ከውጭ ይሁን።

ከቀለሙም የበረንዳው አቅጣጫ ይበልጣል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ፀሐይ የዓመቱን ክፍል በደቡብ በኩል፣ ሌላውን ክፍል በሰሜን በኩል ታልፋለች። ሰማዩ ጥርት በሚልበት በጋ የምታልፈው በደቡብ ነው። በሰሜን በኩል የምታልፈው በግምት ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ አራተኛ ሳምንት ነው፤ ከዚህ ጊዜ ብዙው ደግሞ የክረምት ደመና ነው። ስለዚህ ፊቱን ወደ ተራሮቹ ያዞረ የሰሜን በረንዳ ለጉም ሳጥን ተመራጭ ነው። ግንቦት ላይ ብቻ ጥላ ይጨመርለት። የምዕራብ በረንዳ ከሁሉም የከፋ ነው፤ አየሩም ግድግዳውም ቀኑን ሙሉ ከሞቁ በኋላ የከሰዓት ፀሐይ ይደርብበታል።

ጥላው ከተገኘ ሁለተኛው ጉዳይ ታይመር ነው። ዲስኩ ሙሉ ጊዜ ሲሠራ ውሃውን በ12 ዲግሪ የሚያሞቅ ከሆነ፣ ሩብ ጊዜ ሲሠራ በ3 ዲግሪ፣ ከአሥር ደቂቃ አንዷን ብቻ ሲሠራ በ1 ዲግሪ ገደማ ነው የሚያሞቀው። እዚህ ላይ የሚምታታ ነገር አለ። 15 ደቂቃ ሠርቶ 45 ደቂቃ የሚያርፍ ዲስክና 1 ደቂቃ ሠርቶ 3 ደቂቃ የሚያርፍ ዲስክ ውሃውን የሚያሞቁት እኩል ነው። ለቅርንጫፉ ግን አይመሳሰሉም። ሙቀትን የሚወስነው ጠቅላላ ድርሻው ነው፤ መድረቅን የሚወስነው ደግሞ የእረፍቱ ርዝመት ነው። በገበያ በብዛት የሚገኘው ባለጥርስ ታይመር ከ15 ደቂቃ በታች አይቆርጥም። ትንሽ ጨምሮ በሰከንድና በደቂቃ የሚቆርጥ ኤሌክትሮኒክ ታይመር መግዛት ለዚህ ሥራ ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ የተሻለው ነው።

ታይመሩ የሌሊቱንና የቀኑን ሥራ እንዲለይ ማድረግ ይገባል። በበጋ ሌሊት ዲስኩ ረዘም ላለ ጊዜ ይሥራ፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ድርሻው ይቀነስ። እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ለምን አይጠበቅም የሚል ካለ፣ ምክንያቱ ውሃ ዘገምተኛ መሆኑ ነው። 10 ሊትር ውሃ የአየሩን ለውጥ የሚከተለው በሰዓታት ዘግይቶ ነው። የቀትሩ ሙቀት ውሃው ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ወደ ማታ ነው። ቀትር ላይ ቴርሞሜትር አይቶ ዲስክ የሚያጠፋ ሰው ረፍዶበታል። ውሃው ቀዝቅዞ ቀኑን እንዲጀምር መደረግ አለበት።

ይህ የውሃ ዘገምተኝነት በእኔ አስተያየት ለአያት ሰው ከሁሉ የቀለለውን መፍትሔ ይሰጣል። ውሃውን ማብዛት ነው። በ10 ሊትር ውሃ የአየሩ የ14 ዲግሪ ልዩነት ወደ 8 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። በ40 ሊትር ግን ወደ 3 ወይም 4 ዲግሪ ብቻ ይጠባል። የአዲስ አበባ የቀንና ሌሊት አማካይ ሙቀት 16 ወይም 17 ዲግሪ ነው። ብዙ ውሃ በዚህ አማካይ ዙሪያ ይረጋል። ትልቁ ዕቃ ሙቀት የሚያፈስበት ጎን ስለሚሰፋ ዲስኩ ከሩብ እስከ ግማሽ ጊዜ ሲሠራ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ብቻ ይጨምርለታል፤ ድምሩም 20 አካባቢ ይመጣል። የተራራው ብርድና የዲስኩ ሙቀት አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ማቀዝቀዣም ማሞቂያም አልተገዛም። ዲስኩ ላይ ያለው ውሃ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ መሆን ስላለበት በትልቅ ዕቃ ውስጥ ዲስኩን በፎም ቁራጭ ላይ አንሳፍፎ ማሠራት ያስፈልጋል። ውሃው ሲቀንስም አብሮ ይወርዳል፤ አይቃጠልም።

ስለ ፎም ካነሳን አንድ ስሕተት እናርም። ሳጥን እንዳይሞቅ ተብሎ ዙሪያውን በፎም መለበጥ የተለመደ ምክር ነው። ፎም የውጭ ሙቀት እንዳይገባ ያደርጋል፤ የውስጡም እንዳይወጣ ያደርጋል። ፀሐይ ለሚመታው ሳጥን ይጠቅመዋል። ጥላ ውስጥ ላለ፣ ሙቀቱ ከገዛ ዲስኩ ለሚመጣ ሳጥን ግን ይጎዳዋል፤ ያቺ የ12 ዲግሪ ጭማሪ 20 እና ከዚያ በላይ ልትሆን ትችላለች። በአያት የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ሌሊት አልብሱት፣ ቀን ግለጡት። ክዳኑና የቅርንጫፎቹ መያዣ ብቻ ፎም ቢሆኑ ይበቃል።

በበጋ የሚገኝ ሌላ ትልቅ ሀብት ደረቁ አየር ነው። 1 ግራም ውሃ ወደ ተን ሲለወጥ 2,450 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ባለ 24 ዋቱ ዲስክ በሰዓት የሚያወጣውን ሙቀት በሙሉ ለማስወገድ 35 ሚሊሊትር ውሃ መትነኑ በቂ ነው። የቡና ሲኒ እኩሌታ ገደማ ነው። ታዲያ ዲስኩ በሰዓት ከዚህ ብዙ እጥፍ ውሃ ወደ ጉም እየቀየረ ለምን ውሃው ይሞቃል? ጉም ተን አይደለም። ጠብታዋ ገና ፈሳሽ ናት፤ በተዘጋው ሳጥን ውስጥ ደግሞ አየሩ በእርጥበት ስለጠገበ ልትተን አትችልም። ግድግዳው ላይ ተጠራቅማ ወደ ውሃው ትመለሳለች። መትነኑ ከሳጥኑ ውጭ መሆን አለበት።

ለዚህ የሚሆን ዕቃ ከእንጦጦ ግርጌ ይገኛል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች የሚሠሩት እንስራ ቤት ሲገባ ይሟሻል፤ ማሟሸቱ ደቃቅ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ውሃም እንዳያሾልክ ያደርገዋል። ለእኛ ሥራ የሚፈለገው ያልተሟሸው ነው። ውሃው በገላው በኩል እያላበ ይወጣል፤ የበጋው ነፋስ ያተነዋል፤ ውስጡ ይቀዘቅዛል። የጉም ውሃው እንዲህ ባለ ሸክላ ውስጥ ቢቀመጥና ነፋስ በሚያገኘው የጥላ ቦታ ቢሆን ዲስኩ ቀን የሚጨምረውን ሙቀት አብዛኛውን ሊያስወግድ ይችላል። ሸክላ ያላገኘ ሳጥኑን በእርጥብ ጆንያ ይጠቅልል፤ የጆንያው ጫፍ ውሃ ውስጥ ይነከር። በክረምት ይህ ሁሉ አይሠራም፤ አየሩ ራሱ ጠግቧልና። ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማን ማቀዝቀዝ ይፈልጋል? ያኔ ሳጥኑ ሙቀት ለማኝ ነው።

ብዙ ቅርንጫፍ የሚያራባ ሰው ደግሞ ዲስኩንና ሥሩን ይለያያቸው። ዲስኩ በራሱ ባልዲ ውስጥ ይሁን፤ ትንሽ የኮምፒውተር ማራገቢያ ደረቅ አየር ወደ ባልዲው ይግፋ፤ ጉሙ በሰፊ ቱቦ ወደ ቅርንጫፎቹ ሳጥን ይሂድ። የዲስኩ ሙቀት ባልዲው ውስጥ ይቀራል። ከዚያም በላይ፣ የገባው ደረቅ አየር ከጠብታዎቹ የተወሰኑትን ያተንና ጉሙን ያቀዘቅዘዋል። በታኅሣሥ ቀትር አየሩ 24 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 30 በመቶ ቢሆን ይህ መንገድ ጉሙን ቢበዛ እስከ 13 ዲግሪ ገደማ ሊያወርደው ይችላል። ያ ለሥር ከመጠን በላይ ቀዝቃዛ ነው። ማራገቢያው በዝግታና በየተራ ይሥራ። ቱቦው ወደ ሳጥኑ ዘቅዘቅ ማለት አለበት፤ ጉም ወደ ታች መፍሰስ ይወዳልና፤ ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመውም ውሃ መውረጃ ያገኛል።

በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ አቀዝቅዞ በረዶውን ሳጥን ውስጥ መክተት ብዙዎች የሚሞክሩት ነው። ባለ 1 ሊትር በረዶ ቀልጦ 20 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ የ24 ዋት ዲስክን ሙቀት ለአምስት ሰዓት ያህል ይውጣል። ለክፉ ቀን ይሆናል። በየቀኑ ከተደረገ ግን ሙቀቱ ከላይ ታች እየዘለለ ቅርንጫፉን ያስጨንቀዋል፤ እኔ አልወደውም።

መብራት ሲጠፋ ብዙ ውሃ ያለው ሳጥን ሙቀቱን ይጠብቃል፤ ጉሙ ግን ይቆማል። ሥር ያላወጣ ቅርንጫፍ ጫፉ ለጥቂት ሰዓት ውሃ ውስጥ ቢቆም አይጎዳም። ውሃ ጨምሮ ጫፎቹን 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር ማስነካትና መብራቱ ሲመለስ መቅዳት ነው። የኤሌክትሪኩ መቀየሪያ ሁልጊዜ ከሳጥኑ ውጭ፣ ከውሃው ከፍታ በላይ ይሰቀል። እሱም ይሞቃል፤ ከዚያም በላይ የቤቱ 220 ቮልት ያለው እዚያ ነው።

ቴርሞሜትር የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ብዙ ስሕተት አይቻለሁ። ክዳኑ ላይ የተለጠፈ ቴርሞሜትር የሚነግረን ስለ በረንዳው ነው። አንዱ ውሃው ውስጥ፣ ሌላው ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ጎን በጉሙ ውስጥ ይሁን። ንባቡም ሁለት ጊዜ ይወሰድ፦ ጠዋት፣ ውሃው በጣም ሲቀዘቅዝ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በጣም ሲሞቅ። ሁለቱ በ17 እና በ22 መካከል ከወደቁ ሥራው ተሠርቷል።

ሙቀቱ ልክ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ቅርንጫፍ ሥር ያወጣል ማለት አይደለም። በእንጦጦ ተራራ ላይ በምኒልክ ዘመን የተስፋፋው ነጭ ባሕር ዛፍ ከቅርንጫፍ ሥር በማውጣት ግትር ነው፤ በዘር የሚባዛውም ለዚህ ነው። ወይራም ያስቸግራል። የጥብስ ቅጠል፣ በሶብላና ቲማቲም ግን ፈቃደኞች ናቸው፤ ሳጥኑን በእነሱ መፈተን ይሻላል። ጽጌረዳ በመካከል ናት። ወጣት ሥር ነጭና ጠንካራ ሆኖ ጥቃቅን ፀጉር ካበጀ ሙቀቱ ተስማምቶታል። ሥሩ ቡናማ፣ ልጥልጥ ያለና የሚሸት ከሆነ ውሃው ይደፋ፣ ሳጥኑ በበረኪና ታጥቦ በደንብ ይለቅለቅ፣ የተበላሹት ይወገዱ፤ የታይመሩም ድርሻ ይቀነስ።

ሥሩ ጣት ያህል ሲረዝም ወደ አፈር ይሄዳል። በ20 ዲግሪ የኖረ ሥር ፀሐይ ላይ ወዳለ ጥቁር የፕላስቲክ ማሰሮ በቀጥታ ከገባ፣ አፈሩ በቀትር ከ35 ዲግሪ በላይ ሊሞቅበት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ነጭ ወይም ሸክላ ማሰሮ፣ ጥላ ውስጥ፣ በምሽት ይተከል። ከመትከሉ በፊት አፈሩ በሳጥኑ ውሃ ይጠጣ፤ ማሰሮውም ሥር እስኪይዝ ድረስ ሳጥኑ በነበረበት በዚያው በሰሜን በረንዳ ይቆይ።